የአዲስ ገቢዎች ጉዞ ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን አስገቡ

ጸሐፊዋ፦
ረቂቁ ይኸውና። ዓርብ ካልደረሰው ስፖንሰሩ ገንዘቡን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። እንደ አምናው አንጓተት።
ዓላማ፦ ከሌላ ከተማ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሳይክል ነጂዎችን ከከተማዋና ከሳይክል ማኅበራችን ጋር ማስተዋወቅ።
አፈጻጸም፦ በወር አንድ እሑድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ተነስተን በአራት ኪሎና በቀበና በኩል መገናኛ። በዝግታ። ማንም ወደ ኋላ አይቀርም።
ወጪ፦ የአራት የውሰት ሳይክሎች ጥገና፣ ሄልሜት፣ የመንገድ ካርታ፣ ሻይ። ጠቅላላ 86 ሺህ ብር።

ዓባይ ማዶ፦
ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ልጨምር። ባሕር ዳር ሳይክል ሥራ መሄጃ ነው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዳቦ ገዢው ሁሉ ይነዳል። ከተማው ሜዳ ነው። እዚህ ስመጣ ሳይክሌ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር አቧራ ለበሰ። ዳገቱ አንድ ነገር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ እዚህ ከ2,300 በላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስድስት ኪሎ ሳልደርስ ትንፋሼ ያልቃል። የባሰው ግን በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እንደሚነዳ የሚነግር ሰው ማጣት ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ንጋት ላይ እናንተን አየሁ። ሰላም አልኩ። እንደ ጥይት አለፋችሁ።

ጀሞ 2፦
ካርታውን ለእኔ ተዉት። እስከ ረቡዕ አደርሳለሁ።

የቀበናው፦
ረቂቁ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር። ፓራፋንጎ (የጎማ ጭቃ መከላከያ) እና የኋላ መጫኛ ያለው ሳይክል በማኅበሩ ጉዞ አይሰለፍም። ይንኳኳል፣ ፎቶም ያበላሻል። ስፖንሰሩ ደግሞ የሚያየው ፎቶ ነው።

የሐዋሳዋ፦
የአዲስ ገቢዎች ጉዞ እኮ ነው! ከሐዋሳ የመጣ ሰው ምን ይዞ ይምጣ? የካርቦን ሳይክል?

የቀበናው፦
ፓራፋንጎውን ይፍታው። አራት ብሎን ነው። ምን ያካብዳል?

ጋሽ ደጉ፦
ፓራፋንጎ የሚንኳኳው ብሎኑ ሲላላ ነው። ሳይክሉን አምጣልኝ፣ በነፃ አጠብቅልሃለሁ። ደግሞ ማነው ፓራፋንጎ የሚያስፈታው? አምና በክረምት ከእንጦጦ ስንወርድ ከኋላህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከጎማህ የሚረጨውን ጭቃ እስከ ሽሮ ሜዳ ጠጣሁት። እንደኔ ቢሆን ፓራፋንጎ የሌለው ነው የማይሰለፈው።

ሒሳብ ያዧ፦
🙂 ጋሽ ደጉ እውነታቸውን ነው።

የቀበናው፦
ጋሽ ደጉ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ይህ የስፖርት ማኅበር ነው። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ የተወዳደረው፣ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ የገባው መጫኛ ላይ ጎመን አስሮ አይደለም። ደረጃ የሚባል ነገር አለ።

ጋሽ ደጉ፦
የጽጋቡን ስም በብሎን ጉዳይ አታንሳ። ልጁ የወጣው ከመቐለ ነው። መቐለ ሳይክል የቤት ዕቃ ነው፣ ሽማግሌው ሁሉ ይነዳል። ፈጣኖቹ ከየት የሚመጡ ይመስልሃል? ጎመን ከሚያመላልሱት መሀል ነው።

ዓባይ ማዶ፦
የእኔ ሳይክል ፓራፋንጎም መጫኛም አለው። መቆሚያ እግርም አለው። ይህም ይፈታ እንዴ?

የቀበናው፦
መቆሚያ እግር ችግር የለውም።

የሐዋሳዋ፦
ስላላስቸገረህ ተመስገን።

ጸሐፊዋ፦
ወደ ረቂቁ እንመለስ? መነሻ ሰዓቱ፣ መስመሩ፣ የውሰት ሳይክሎቹ። ስለ እነዚህ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

ፒያሳ ልጅ፦
ለምን ከመንገድ ለሰው ጋር አናገናኘውም? በ2011 ሲጀመር መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ስንት ልጅ አስፋልት ላይ ሳይክል ለመደ። አዲስ ሰው መኪና በሌለበት ይጀምር። ደግሞም በኮሪደር ልማቱ አዲስ የሳይክል መስመር ተሠርቷል። እሱን ብቻ ይዞ መሄድ ይቻላል።

የቀበናው፦
በኮሪደሩ መስመር ላይ እኮ እግረኛው ይንሸራሸርበታል፣ ሞተሩ ይቆምበታል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እዚያ መሀል ልገባ ነው?

ፒያሳ ልጅ፦
«በዝግታ» ይላል ረቂቁ። አንብበኸዋል?

የቀበናው፦
አንብቤዋለሁ። አንተ ባለፈው ዓመት ስንት ጉዞ ላይ ተገኘህ?

ሒሳብ ያዧ፦
አምና ከተነሳ አይቀር፣ ለማልያ ያልከፈላችሁ አሁንም ስማችሁ ደብተሩ ላይ አለ። ማን ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ደረጃ ደረጃ የሚል ሰው ግን ቀድሞ ይክፈል።

የቀበናው፦
ለማልያው ያልከፈልኩት መጠኑ ስለተሳሳተ ነው! ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አሁንም ቤት ተቀምጧል፣ ኑና ውሰዱት። ሰውን በአደባባይ ማዋረድ ከሆነ ዓላማው እኔ ወጥቻለሁ።

ጋሽ ደጉ፦
ተው እንጂ ልጄ። አንቺም ሒሳብ ያዧ፣ የሒሳቡን ነገር ለብቻው ደውይለት። ሰው ፊት አይሆንም።

ሒሳብ ያዧ፦
እሺ ጋሽዬ። ደውያለሁ፣ አያነሳም እንጂ።

ጸሐፊዋ፦
ረቡዕ ማታ ሆነ። ጀሞ 2፣ ካርታው?

ጸሐፊዋ፦
ጀሞ 2?

የሐዋሳዋ፦
ስልኩ ዝግ ነው። እኔም እኮ ከሐዋሳ ስመጣ «መስመር አሳይሻለሁ» ብሎኝ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት።

የቀበናው፦
ነገሩ እንዲበርድ ማስታረቂያ አለኝ። ፓራፋንጎ ያለው ይምጣ። ግን ከኋላ ይሰለፍ።

የሐዋሳዋ፦
እንግዳ ጠርቶ ከበር ማስቀመጥ!

ጋሽ ደጉ፦
ኧረ ጥሩ ነው። እኔም ከኋላ ነኝ። ከፊቴ ያለው ሁሉ ፓራፋንጎ እስካለው ድረስ።

ጸሐፊዋ፦
በቃ። ዛሬ ስፖንሰሩን አነጋገርኩት። ረቂቁን ወዶታል። ግን «መገናኛ ድልድይ ሥር የሚነሳ ፎቶ ለእኛ ምን ያደርጋል? ሐይቅ ዳር ቢሆንስ?» አለ። ቢሾፍቱን ጠቀሰ። ከተስማማን ወደ 120 ሺህ ከፍ ያደርገዋል።

የቀበናው፦
አሁን ገና ቁም ነገር መጣ! 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ቁልቁል። በ1 ሰዓት ተኩል ውስጥ እገባለሁ።

ፒያሳ ልጅ፦
አዲስ ገቢውንስ? በዚያ በከባድ መኪና መሀል ልትነዳው ነው? በፈጣን መንገዱ ሳይክል አይገባም፣ የቀረው አሮጌው መንገድ ነው። ከቃሊቲ በኋላ ሲኖትራኩ መሪህን እየታከከ ነው የሚያልፈው። ሲመለሱ ደግሞ ሁሉም ዳገት ነው።

ሒሳብ ያዧ፦
አውቶቡስ እንከራይ። ባቦጋያ ሐይቅ ዙሪያ ነድተን፣ ምሳ በልተን እንመለስ። አውቶቡስና ምሳ ከገባ ግን የውሰት ሳይክሎቹ ጥገና ይወጣል። አስልቼዋለሁ፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ጋሽ ደጉ፦
የሁለቱን ቸርኬ አቃንቼ ጨርሻለሁ እኮ። ጎማ ብቻ ነው የቀራቸው።

ሒሳብ ያዧ፦
ለሚቀጥለው በጀት እንያዘው ጋሽዬ።

የቀበናው፦
ምሳው ጥብስ ይሁን። ማልያ ደግሞ ግዴታ ይሁን። እኔም ዛሬውኑ እከፍላለሁ፣ በልኬ የተሠራ ከመጣ።

ፒያሳ ልጅ፦
ቀኑን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ከመስቀል በኋላ በሚውል እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ እሬቻ ነው። ቢሾፍቱ ሰው በሰው ይሆናል፣ መንገዱም ይዘጋል።

ጸሐፊዋ፦
ወደ ጥቅምት አጋማሽ ገፋሁት። በወር አንዴ የሚለውም «በዓመት አንድ ጊዜ» ሆኗል። ርዕሱም «የማኅበሩ ዓመታዊ የቢሾፍቱ ጉዞ» ተብሏል። ዓላማው ላይ «አዳዲስ አባላትን ጨምሮ» የሚል ሐረግ አስገብቻለሁ። የተቃወመ እስከ ማታ ይናገር።

ዓባይ ማዶ፦
የጠየቅኩት እኮ ከየካ ቦሌ ሥራ እንዴት ልሂድ ነው። ቢሾፍቱ ሥራ የለኝም።

የሐዋሳዋ፦
እኔ በየቀኑ ጠዋት 12፡30 ላይ ከመገናኛ ወደ ቦሌ ነው የምወርደው። ሰኞ ድልድዩ ሥር ጠብቀኝ። መብራት አስር፣ ታክሲዎቹ ሳያዩ ነው የሚታጠፉት። ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ መንገዱን አትሞክረው።

ዓባይ ማዶ፦
እሺ። ፓራፋንጎ አለኝ ግን።

የሐዋሳዋ፦
እኔም አለኝ።

የቀበናው፦
ይህ የግል ወሬ ነው፣ በውስጥ መስመር አውሩ። ጸሐፊዋ፣ ረቂቁ ተላከ?

ጸሐፊዋ፦
ተልኳል። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱልኝ፦ 30 ሰው ከሆንን ሳይክሎቹ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ይበቃሉ ወይ? በማግስቱ እንዲመልስልን አይሱዙ ያለው ዘመድ ያለው ሰው አለ?

ጀሞ 2፦
ሰላም ጓዶች፣ ኔትወርክ አልነበረኝም። አይሱዙውን ለእኔ ተዉት።