ሐዋሳ ዙሪያ ድንኳን ተክሎ ማደር ለእንቅልፍ እውነት ይጠቅማል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንቢ ለሚለው ሰው ውጭ ማደር መፍትሔ ነው ይባላል። እውነት ነው? ሐይቁ ዳር ድንኳን ቢተከልስ?

መልስ 1፦ ይጠቅማል፤ ግን ሥራውን የሚሠራው ብርሃኑ ነው እንጂ ንጹሕ አየሩ አይደለም። ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን የሚጨምረው ሲጨልም ነው፤ አምፖልና ስልክ ያዘገዩታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ 8 ሰዎች ያለ ኤሌክትሪክ መብራት ተራራ ላይ አንድ ሳምንት ሲያድሩ ሆርሞኑ ከወትሮው 2 ሰዓት ያህል ቀድሞ መነሣት ጀመረ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ማደር በ1.4 ሰዓት አስቀድሞታል። ድንኳን ውስጥ ስልክ ላይ ካፈጠጥክ ግን ቤትህ ብትተኛ ይሻላል። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ከድንኳኑ ውጣ፤ ግማሹ ጥቅም እዚያ ነው።

መልስ 2፦ ሐይቁ ዳር? ኧረ ተው ወንድሜ! ጉማሬ ማታ ማታ ሳር ሊግጥ ይወጣል፤ ወደ ውኃው የሚመለስበትን መንገድ የዘጋበትን አይምርም። ሣሩ ተረግጦ እንደ ቦይ የጎደጎደ መስመር ካየህ የእሱ ነው። ጥበቃ ያለው፣ የታጠረ የሎጅ ግቢ ፈልግ።

ወባም አለ፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ቢሆንም ይህ ከፍታ ወባን አያስቀርም። አንተ ገና ሳትተኛ፣ ምሽት ላይ ውጭ እንደተቀመጥክ ትንኟ ልትነክስህ ትችላለች። ስለዚህ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ረጅም እጅጌ፣ ካልሲና የትንኝ መከላከያ ቅባት። ድንኳኑ መረብ ከሌለው አጎበር ስቀል፣ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቀው፤ ክንድህ መረቡን ከተደገፈ በቀዳዳው ትነክስሃለች። ከተመለስክ ከሳምንትም ከሁለት ሳምንትም በኋላ ትኩሳት ከጀመረህ ቶሎ ደምህን አስመርምር።

መልስ 3፦ ብርዱስ? ብዙ ሰው ሁለት ጋቢ ከላይ ደርቦ ከሥር ምንም አያነጥፍም። መሬቱ ሙቀት ይመጥጣል፤ የተደፈጠጠ ጋቢ ደግሞ አየር ስለማይዝ አይከላከልም። መጀመሪያ ላስቲክ፣ ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ። ላስቲኩ ከድንኳኑ ወለል በጥቂቱ ይጥበብ፤ ወደ ውጭ ከተረፈ ዝናቡን ተቀብሎ ከሥርህ ያስገባዋል። ጠዋት ጣሪያው በውስጥ በኩል ቢረጥብ የራስህ ትንፋሽ ነው፣ የአየር መግቢያውን አትዝጋ። ከሰል ግን በፍጹም ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ጢሱ ባይታይም ይገድላል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ጥቅምት ይሻላል ወይስ ጥር?

መልስ 2፦ ጥር። ከክረምቱ በኋላ ያለው የወባ ወቅት ያልፋል፣ መሬቱም ደረቅ ነው። ሌሊቱ ስለሚበርድ ስፖንጁን እንዳትረሳ።