የሙያ ማኅበር ቅርንጫፍ ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ፤ ከየት ልጀምር?

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁም። ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። በቅርቡ የሙያ ማኅበራችን የሀዋሳ ቅርንጫፍ ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። የተረከብኩት ማኅተም፣ አንድ ቦክስ ፋይልና የአባላት ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ስደውል ግን ግማሹ ቁጥሩን ቀይሯል፣ የቀረው ደግሞ «እሺ እመጣለሁ» ይልና ይቀራል። መዋጮ የሚከፈለውም የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈለግ ብቻ ነው።

የጨነቀኝ ሁሉም በየአቅጣጫው መጎተቱ ነው። ኮንትራክተር የሆኑት አባላት «ክፍያ ዘገየብን፣ ብር ከተዳከመ ወዲህ የዕቃ ዋጋ አልቀመስ አለ፣ ቢሮ ሄዳችሁ ተናገሩልን» ይላሉ። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ላክ ይለኛል። ወጣቶቹ «ማኅበሩ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ፣ እውነት ለመናገር መልስ የለኝም። ያሰብኩት አንድ ሆቴል አዳራሽ ይዘን፣ ኃላፊዎች ጋብዘን፣ ትልቅ ወርክሾፕ በማዘጋጀት መጀመር ነው። በዚህ ያለፋችሁ ምን ትላላችሁ?

የደሴው
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ሆቴሉን ግን ለጊዜው ተወው። የአዳራሹና የምሳው ወጪ ዓመቱን ሙሉ ሊያሠራህ የሚችለውን ገንዘብ በአንድ ቀን ይጨርስብሃል። እኔ ደሴ የቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ሰው የመጣልን የግንባታ ሳይት ላይ መገናኘት ስንጀምር ነው።

በ2017 የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ሰው በሌሊት ከፎቅ ሲወርድ አይተናል። እናንተ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናችሁ። ለመንቀጥቀጥ የምንጠቀምበት ደረጃ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998 ማለቴ ነው፣ ዲዛይን ቢሮ ገብቷል። ሳይት ላይ ግን ገና ነው። ስታፋውን ብቻ እይ፣ ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚይዘውን ቀለበት ማለቴ ነው። ኮለን (ምሰሶ) ላይ ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ጭራውም የብረቱን ዲያሜትር 10 እጥፍ መሆን አለበት፤ በ8 ቁጥር (8 ሚሊሜትር) ብረት 8 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ብዙ ሳይት 90 ላይ ታጥፎ ታገኘዋለህ። ብረት ለሚያስረው ሠራተኛ፣ ለፌራዮው፣ 90 ይፈጥንለታል፣ ለምን 135 እንደሆነም ማንም አልነገረውም። ሕንፃው ሲናጥ ግን የላዩ ኮንክሪት ይረግፋል፣ 90 የታጠፈው ይከፈታል፣ ከዚያ ቋሚ ብረቱን የሚይዘው የለም፣ ይጎብጣል።

ስለዚህ አንድ አባል የሚሠራበትን ሳይት ለቅዳሜ ጠዋት አስፈቅድ፣ የኮለኑ ብረት ታስሮ ኮንክሪት የሚሞላበትን ፎርም ሳይለብስ። ኢንጂነሩም፣ ፎርማኑም፣ ፌራዮውም አንድ ኮለን ሥር ይቁሙ። እኛ ጋ አንድ በዕድሜ የገፉ ፌራዮ 90 የታጠፈውን ስታፋ በእጃቸው ጎትተው ከፈቱትና 135ቱን ሞከሩት፣ እንቢ አላቸው። ዝም ብለው ሁለቱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን የሚያርሙት ራሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያለውን ቀን ያየ አባል ለሚቀጥለው አይቀርም።

ጁኒየሯ
የወጣቶቹን ጥያቄ እኔ ልመልስልህ፣ ከተመረቅኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። የምንፈልገው ንግግር አይደለም። ቴክ ኦፍ ስሠራ፣ ማለትም የሥራውን መጠን ለክቼ ሳወጣ፣ ስህተቴን የሚያሳየኝ፣ የክፍያ ሰርተፊኬት እንዴት እንደሚዘጋጅ ከጎኔ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው ነው የምፈልገው። የሥራ ልምዴን ቆጥሬ የሙያ ምዝገባ ደረጃዬን ላሳድግ ስል ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ እንኳን የማገኘው በወሬ ነው። አንድ የቆየ ኢንጂነር ሁለት ወይም ሦስት ጀማሪ ቢይዝ፣ በወር አንዴ ቢያገኘን ይበቃናል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ስብሰባ ሁልጊዜ ማታ ከሆነ ብዙ ሴቶች አንመጣም፣ ከዚያ «ሴቶች አይሳተፉም» ይባላል። የቅዳሜ ጠዋቱ ሐሳብ በጣም ተመችቶኛል።

ሒሳብ ይቅደም
ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ አስተካክሉ። የሙያ ማኅበራት የሚተዳደሩት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ነው። አዋጁ ገቢ ማስገኛ ሥራ ይፈቅዳል። ዓመታዊ ሪፖርትም ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይገባል። ስለዚህ ዋናው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ላክ ሲልህ እሱም የሚጠየቅበት ስለሆነ ነው፣ አትቀየመው። አንተም በበኩልህ በደብዳቤ ጠይቅ፤ ከመዋጮው ለቅርንጫፉ የሚቀረው ስንት ነው? የባንክ ሒሳቡ ላይ የሚፈርሙት እነማን ናቸው? መልሱን በቃል አትቀበል። ገቢና ወጪውን በየወሩ በአባላቱ ቴሌግራም ግሩፕ ለጥፍ፣ የሻይ ወጪም ቢሆን። ብሩ የት እንደገባ ያየ ሰው ሳትለምነው ይከፍላል።

ኮንትራክተር ነኝ
የኛን ጥያቄ ግን እንዳትዘሉት። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት በገባነው ዋጋ እየሠራን ያለን አለን። ሠራተኛ በየሳምንቱ ይከፈለዋል፣ የኛ ክፍያ ግን ጸድቆ ወራት ይቀመጣል። ማኅበሩ እዚህ ላይ ዝም ካለ ለማን ነው የቆመው?

የደሴው
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ መንገዱ ላይ ግን ልለይህ። የሙያ ማኅበር ውስጥ አማካሪውም፣ በአሠሪው በኩል ያለው ኢንጂነርም አባል ነው። ማኅበሩ የአንድ ኮንትራክተር ጠበቃ ከሆነ እነሱ በማግስቱ ይወጣሉ፣ የኮንትራክተሮች ማኅበር ደግሞ ለብቻው አለ። ቅርንጫፉ ማድረግ የሚችለው ሦስቱንም ወገን አስቀምጦ ክፍያው የቱ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቆም መለየት ነው። ልኬት ላይ ነው? አማካሪው ጋ ነው? በጀት ላይ ነው? ያንን ሦስቱም ፈርመውበት ለቢሮ ብትወስዱት ይሰማል። የአንድን ሰው ፋይል ይዘህ ከሄድክ ግን ለጥቅሙ መጣ ትባላለህ፣ ሌላ ጊዜም በሩ አይከፈትልህም።

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)
እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼ የደሴው። ወርክሾፑን ሰርዣለሁ። ታቦር አካባቢ ጂ+4 የሚሠራ አባል አለን፣ ዛሬ ደውዬለት የባለቤቱን ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ለዋናው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤውን ነገ አስገባለሁ። ጁኒየሯ፣ ጀማሪ ይዘው ለማሠልጠን ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት የቆዩ ኢንጂነሮች አግኝቻለሁ፣ ሀዋሳ ከሆንሽ በውስጥ ጻፊልኝ። ጋሼ፣ ፌራዮዎቹ የቅዳሜውን ግማሽ ቀን ሥራ አቁመው ሲቆሙ የቀን ሒሳባቸውን እናንተ ጋ ማን ነበር የሚሸፍነው?

የደሴው
ቅርንጫፉ። ከመዋጮው ላይ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነበር።