ተምች ትሉ ነው ወይስ የእሳት እራቷ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ ከገጠር የመጡት አጎቴ በረንዳ ላይ አምፖሉን የምትዞረውን የእሳት እራት አይተው «ይቺ እኮ ተምች ናት» አሉኝ። ተምች በቆሎ የሚበላው ትል አይደለም እንዴ?

መላሽ፦ አጎትህ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ትሉ ዕጭ ነው፣ ገና ልጅ። ሲጎለምስ ክንፍ አውጥቶ የእሳት እራት ይሆናል። በ2017 እ.ኤ.አ. አገራችን የገባው መጤ ተምች ሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ነው፤ ነባሩ የአፍሪካ ተምች ደግሞ ስፖዶፕቴራ ኤክዜምፕታ። ወገናቸው አንድ፣ ዝርያቸው ሁለት። የመጤውን ትል ግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ የ«ዋይ» ምልክት ታውቀዋለህ። ጭራው አካባቢም አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ካሬ ሠርተው ተቀምጠዋል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን መለየቱ ይከብዳል። የወንዱ የፊት ክንፍ ግራጫና ቡናማ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ሴቷ ደብዘዝ ያለች ናት። የሁለቱም የኋላ ክንፍ ብርማ ነጭ ነው።

ሌላ አባል፦ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ስማቸው ነው። ተምች ሰብል ይበላል። ብል በርኖስ ይበላል (እሱም ዕጩ ነው እንጂ ክንፍ ያወጣው ልብስ አይነካም)። የእሳት እራት ግን ይበላል! የመጨረሻውን «ይበላል» አጥብቃችሁ አንብቡት። እራቱ እሷ ናት፣ በልተኛው እሳቱ።

መላሽ፦ ይሄን ወደድኩት። ፈሊጡ ላይ ግን ትርጉሙ ዞር ይላል። ነፍሳቷ ወደ እሳቱ የምትሄደው በራሷ ነው። «ልጆቻችንን የእሳት እራት አደረጓቸው» ሲባል ግን ልጆቹን ወደ እሳቱ የማገዳቸው ሌላ ሰው ነው። «የእሳት እራት ሆነ» ሲባል ደግሞ ገፊ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ጋዜጣ ላይ በብዛት የማየው «አደረጓቸው»ን ነው።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ፎቶ አንስቻለሁ። የኋላ ክንፏ ነጭ ነው፣ የፊቱ ጫፍ ላይ ግን ነጭ ነገር አይታየኝም። ስነካት ጣቴ ላይ አመድ የመሰለ ብናኝ ቀረ።

መላሽ፦ ብናኙ የክንፏ ቅርፊት ነው፣ ቢራቢሮም አላት። እንግዲህ ወይ ሴት ተምች ናት፣ ወይ ጭራሽ ሌላ ዝርያ። በፎቶ ብቻ አይማልም። ነገ አጎትህን በምን እንደለዩዋት ጠይቃቸው።