ምንም ያልተጻፈበት ኤልኢዲ ስንት ቮልት እንደሆነ በምን ይታወቃል?

አዘዞ_ልጅ፦ ሰላም ጓዶች ከጎንደር ነኝ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ሲዘጋ እቃውን ሲያወጣ አንድ ካርቶን ስትሪፕ ላይት (እንደ ሪባን ረዥም ሆኖ ኤልኢዲ የተደረደረበት መብራት) በርካሽ አነሳሁ፣ ለጥምቀት ካፌው በር ላይ ልሰቅለው ነው፣ ግን አዳፕተር የለውም ሪሞት የለውም ጽሑፉም ተፍቋል። አንዱ ሁለት ሽቦ ነው፣ አንዱ አራት (ጥቁር ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ)፣ ሌላው ደግሞ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ነው። ጓደኛዬ ዝም ብለህ ሶኬት ላይ ሞክረው ይለኛል፣ ምን ትላላችሁ?

ገመድ_ፈቺ፦ ኧረ በማርያም እንዳታደርገው! 220 ከሰጠኸው ቀጭኖቹ ዷ ብለው ያልቃሉ። መጀመሪያ የመቀስ ምልክቱን (ስትሪፑ የሚቆረጥበትን ቦታ) ፈልግ፣ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ስንት አምፖል እንዳለ ቁጠር። 3 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ 6 ከሆነ 24። ነጭ ኤልኢዲ አንዱ ወደ 3 ቮልት ይበላል፣ ሦስቱ ሲቀጣጠሉ 9፣ የቀረውን እዛው ያለችው ሬዚስተር (ኮረንቱን የምትገድበው ትንሽ እቃ) ትይዘዋለች። በየአንዱ አምፖል የሚቆረጥ ካገኘህ ግን 5 ቮልት ሊሆን ስለሚችል 12 አታስጠጋው።

የማራኪዋ፦ ባለአራቱን ሽቦ ጥቁር ስላየህ ኔጋቲቭ ነው እንዳትል ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ፖዘቲቭ ነው፣ ቀለሞቹ ናቸው ወደ ኔጋቲቭ የሚሄዱት። 12 ቮልት መሆኑን በቆጠራው ካረጋገጥክ የባጃጅ ባትሪ ፈልግ፣ መሃል ላይ ትንሽ ፊውዝ አስገባ፣ ጥቁሩን ፖዘቲቭ ላይ አድርገህ ሌሎቹን ተራ በተራ ኔጋቲቭ ላይ ነካ ነካ አድርግ። ቀዩን ስትነካ ቀይ ከበራ አለቀ። ካልበራ ገልብጠህ ሞክር፣ እንዲህ ያለው ተራ ስትሪፕ ስለተገለበጠ ብቻ አይቃጠልም።

ገመድ_ፈቺ፦ ወፍራሙ ላይ የመቁረጫ ምልክቱ በየግማሽ ሜትር ወይ በየሜትሩ ከሆነ የ220 ነው፣ ጫፉ ላይ የሚሰካ ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር) ያለው የራሱ ገመድ ነበረው ማለት ነው፣ ያንን ሳታገኝ አትስካው። ደግሞ ጥምቀት ነው፣ ውሃ ይረጫል፣ ሰው እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ እሱን ባትሰቅል ነው የምመርጠው።

አዘዞ_ልጅ፦ ተባረኩ! ባለአራቱ ልክ እንዳላችሁት በራ። ባለሁለት ሽቦው ግን 6 አምፖል ነው፣ ባትሪው ላይ ወይ ፍንክች።

የማራኪዋ፦ እሱ 24 ነዋ። ሁለት ባለ12 ባትሪ በተከታታይ አገናኝና እየው፣ አይሱዙ ያለው ጎረቤት ካለህ ደግሞ እዛው ተዘጋጅቶልሃል። ከበራ ቴስተሩን (መልቲሜትሩን) መሃል አስገብተህ አምፔሩን ለካ፣ አዳፕተር ስትገዛ ከዛ ትንሽ ከፍ ያለ ውሰድ። ለምሳሌ 3 አምፔር ከሳበ 24 ሲባዛ በ3፣ 72 ዋት ነው፣ ልኩን 72 ከገዛህ ይግላል፣ 90 ምናምን ያለውን ያዝ። ከ5 ሜትር በላይ ከቀጠልከው ደግሞ መጨረሻው እየደበዘዘ ስለሚሄድ ከሌላኛው ጫፍም ሽቦ አምጥተህ መግበው።