እጀታው የላላ የድሮ ቢላዋ፦ «ካስት ስቲል» ምን ዓይነት ብረት ነው? እንዴትስ ልጠግነው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አሮጌ የገበታ ቢላዋ እጄ ገብቷል። ብረቱ ላይ «ካስት ስቲል፣ ሸፊልድ፣ ኢንግላንድ» ተብሎ ታትሟል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ ዝገት ግማሿን በልቷታል። እጀታው ነጭ ሆኖ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ስነካው ይወዛወዛል። ስለቱም ደንዟል። «ካስት» ማለት በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ በቀላሉ ይሰበራል ብዬ ሰጋሁ። እጀታውን በምን ላጣብቀው? ግራይንደር አለኝ፤ ዝገቱን በሱ ላንሳው?

የብረት ወዳጅ፦
እባክሽ ግራይንደሩን አትንኪው። የስለቱ ጫፍ ስስ ስለሆነ በሴኮንዶች ውስጥ ይግላል። ብረት ሲግል ቀለሙን ይቀይራል። 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ገለባ ይመስላል፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነው ቦታ ጥንካሬው ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ብትስዪው ስለቱ አይቆይም። ጥንካሬውን ለመመለስ ብረቱን እስኪቀላ አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር፣ ቀጥሎም እንዳይሰበር በመጠኑ ዳግም አሙቆ ማለሳለስ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ስስ ቢላዋ ደግሞ ሲነከር በቀላሉ ይጣመማል።

ዝገቱን በእጅሽ አንሺው። ዘይት ቀቢው፣ አንድ ሌሊት ይቆይ፣ ከዚያ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በርዝመቱ እሺው። ጽሑፉና ምልክቷ ያሉበትን ቦታ በዘይትና በጨርቅ ብቻ አጽጂው። ከዝገቱ ሥር ግራጫ ሽፋን ካገኘሽ ተይው፤ እሱ ብረቱን ይጠብቃል እንጂ አይበላውም።

ጋሼ ሞረድ፦
ልጄ፣ ስለ «ካስት» አትስጊ። ቢላዋሽ እንደ ዘመኑ ጥሩ ቢላዋዎች በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ፈሶ የነበረው ጥሬው ብረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አረብ ብረት የሚሠሩት የብረት ዘንግ ከከሰል ጋር አሽገው ለቀናት በማጋል ነበር። ካርቦኑ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ላዩ ይጠነክራል፣ መሐሉ ለስላሳ ይቀራል። ይህን ለማስተካከል ዘንጎቹን ደራርበው እያጋሉ በመዶሻ አንድ ያደርጓቸዋል። «ሸር ስቲል» የሚል ማኅተም ያለው ቢላዋ ካየሽ ከዚህ ዓይነቱ ነው፤ «ደብል ሸር» የሚለው ሥራው ሁለት ጊዜ የተደገመበት ነው። ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ግን ለሰዓት ስፕሪንግ የሚሆን ወጥ ብረት አጥቶ ተቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ሸፊልድ አጠገብ ያንኑ ብረት በሸክላ ማቅለጫ ሙሉ በሙሉ አቀለጠው። ሲፈስና ሲረጋ ካርቦኑ በሁሉም ቦታ እኩል ሆነ። ያ ነው «ካስት ስቲል»። በጣም ጥሩ ስለት የሚይዝ ብረት ነው፣ ግን ይዝጋል። የማይዝገውን ብረት ሃሪ ብሪርሊ እዚያው ሸፊልድ ያገኘው በ1913 ነው።

«ኢንግላንድ» የሚለውም ፍንጭ ይሰጣል። አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲታተምበት የሚያስገድድ ሕግ በ1891 ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ቢላዋሽ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ትንሿን ምልክት አደራ አታጥፊያት። የሸፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በ1624 በሕግ ተቋቁሞ የአባላቱን ምልክት ይመዘግብ ነበር። ሠሪውን ልታገኚው የምትችዪው በሷ ነው።

እጀ ወርቅ፦
ወደ እጀታው ልምጣ። በእንዲህ ዓይነት ቢላዋ ብዙ ጊዜ ብረቱ ቀጭን ጭራ ይኖረዋል፤ ጭራው እጀታው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በሙጫ ይያዛል። የድሮ ሠሪዎች ደረቅ የዛፍ ሙጫ ከጡብ ዱቄት ጋር ቀላቅለው ይሞላሉ፣ ጭራውን አሙቀው ይከቱታል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። እኔም በዚሁ እንድትሠሪው እመክራለሁ። ለቫዮሊን ቀስት የሚቀባው ሙጫ ይሆናል። ወደፊት ማላቀቅ ቢያስፈልግ ሙቀት ብቻ ይበቃዋል። ኢፖክሲ የሚባለው ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ ግን አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም።

እንጨት ቤት፦
ቆይ ቆይ፣ እጀታው ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ ሙቀት አይታሰብም! በዚያ ዘመን የዝሆን ጥርስ የሚመስል ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ በብዛት ይሠራበት ነበር። እሱ በእሳት ሲነካ እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው። ጀማሪዋ፣ እጀታውን በደንብ እይው። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለው አጥንት ነው። ጫፉ ላይ እርስ በርስ የሚቋረጡ መስመሮች ካሉት የዝሆን ጥርስ ነው። በርዝመቱ ቀጥ ብለው እኩል የተሰመሩ መስመሮች ካሉት ግን ሴሉሎይድ መሆኑን ጠርጥሪ። በአውራ ጣትሽ ጠንከር አድርገሽ እሺውና አሽቺው።

ጀማሪዋ፦
መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች። ሳሸውም ልብስን ከብል እንደሚጠብቀው ነገር ይሸታል።

እንጨት ቤት፦
የሚሸትሽ ካምፎር ነው፤ ሴሉሎይድ ሲሠራ የሚገባበት ነገር ነው። ሴሉሎይድ ነው፣ አለቀ። ከሻማም ከምድጃም አርቂው።

እጀ ወርቅ፦
እንግዲያውስ የሙጫውን ምክር አንሥቻለሁ። ለዚህ ኢፖክሲ ነው የሚሻለው፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ግዢ። እጀታውን በጥንቃቄ እያዞርሽ አውጪው። ከጭራው ላይ ዝገቱን ሙልጭ አድርገሽ አንሺ። ዝገት እያበጠ ነው እጀታን ከውስጥ የሚሰነጥቀው። ከቀዳዳውም አሮጌውን ሙጫ በቀጭን መሰርሰሪያ በእጅሽ ፍቂ፤ ሞተር አትጠቀሚ፣ ያግለዋል። የቀዳዳውን ግማሽ ብቻ በኢፖክሲ ሙዪ፣ ጭራው ሲገባ ከፍ ይላልና። የተረፈውን ሳይደርቅ ጥረጊ። ስትፍቂ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። የሸፊልድ ቢላዋ ሞራጆች በደረቅ ድንጋይ ሲስሉ በሚተነፍሱት አቧራ ሳንባቸው ታሞ በወጣትነታቸው ነበር የሚሞቱት።

የብረት ወዳጅ፦
ስለቱን በመጨረሻ ሳይው፤ እጀታው ሳይጠነክር ብትጀምሪ እጅሽን ያዳልጥሻል። የመሳያ ድንጋዩን አርጥቢና በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብለሽ ሳይ። ከዚያ በኋላ ቢላዋውን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፊው። እጠቢው፣ ወዲያው አድርቂው፣ በስሱ ዘይት ቀቢው።

ጀማሪዋ፦
ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ በዘይቱ እጀምራለሁ። ምልክቷ ስትጠራ ፎቶ አንሥቼ አመጣላችኋለሁ፤ ሠሪውን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።