ሥራ አስቁመውኛል፣ መሠረቱ ክፍት ነው፣ ዝናቡም ገብቷል

የጓሮው ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቸኩያለሁ። ዛሬ ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ሥራ አስቆሙኝ። አካፋና ዶማውንም ይዘው ሄዱ። ከኋላ ያለውን የጭቃ ማድ ቤት አፍርሼ በብሎኬት ልሠራው ነበር። መሠረቱ ተቆፍሮ አልቋል። ሲሚንቶውም ተገዝቶ መሬት ላይ ተደርድሯል። አሁን የጎረቤቴ አጥር ሥር ያለው አፈር መናድ ጀምሯል። እድሳት እኮ ነው! ለእድሳት ደግሞ የምን ፈቃድ? ቶሎ የሚያልቅበትን መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሸዋ በር፦
የት ከተማ ነው? ካርታ አለ? በማን ስም? ዋናውን ሁሉ ዘለልኸው።

እማማ ጀበና፦
አብሽር ልጄ። ዶማው እንኳ አረፈ። ሲሚንቶውን ግን ዛሬውኑ እንጨት ላይ አንሳው። ወላሂ በዚህ እርጥበት ድንጋይ ይሆንብሃል።

ባለእስክርቢቶ፦
በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንብበው። ግንባታ የሚለው አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ አይደለም። ነባር ሕንፃ ማሻሻልና አገልግሎቱን መቀየርም ግንባታ ነው። ያ አዋጅ ሲወጣ ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት ማዕቀፎች (ቤቱን በሚሸከሙት ዓምድና ወራጆች) መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምድብ «ሀ» ነው። ፋብሪካ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሁሉ ምድብ «ሐ» ነው። የመሐሉ «ለ» ይባላል። በዚያ አከፋፈል ያንተ ማድ ቤት «ሀ» ነው። ቀላሉ ምድብ ነው ማለት ነው እንጂ ፈቃድ አይፈልግም ማለት አይደለም። ዜጋ ሕጉን ሳያውቅ ዶማ ማንሳት የለበትም...

ግንበኛው፦
ኧረ ወንድሜ፣ ሰውየው አጥር እየተናደበት ነው፣ አንተ ምድብ ትቆጥራለህ!
ጠያቂው፣ አንተም እድሳት አትበለው። ቀለም መቀባት እድሳት ነው። የጭቃ ቤት አፍርሶ አዲስ መሠረት ማውጣት አዲስ ቤት ነው። ቢሮ ሄደህ «እድሳት» ካልህ ክርክር ትከፍታለህ።

የጓሮው ልጅ፦
ወሎ ነው፣ ከተማውን ልተወው። ካርታው በአባቴ ስም ነው። አባቴ አርፏል። ወራሾቹ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ጂዳ ያለች እህቴ ነን። ግብሩን በየዓመቱ የምከፍለው እኔ ነኝ። ታዲያ ቤቱ የኔ አይደለም?

ገራዶ፦
የሚያስጨርስ ልጅ አውቃለሁ። በውስጥ አናግረኝ 😄

ሸዋ በር፦
ደላላ አታምጡበት። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ እንደገና ያስቆመዋል።
ጠያቂው፣ ግብር መክፈልህ ብቻ ባለቤት አያደርግህም። ቤቱ የሦስታችሁም ነው። በሞተ ሰው ስም ፈቃድ አይወጣም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። ፍርድ ቤት ክረምት ላይ እረፍት ስለሚገባ አሁኑኑ አመልክቱ። እህትህ ጂዳ ካለው ቆንስላችን ውክልና ትላክልህ። ውክልናው ላይ «ለመገንባት፣ ፈቃድ ለማውጣት፣ ስም ለማዛወር» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። ጠቅላላ ውክልና ብቻ ይዘው ሄደው የተመለሱ አይቻለሁ። እዚህ ሲደርስ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል። ከዚያ ስም ዝውውር፣ የፕላን ስምምነት (ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጽ ወረቀት)፣ በመጨረሻ የግንባታ ፈቃድ። ንድፉን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራልህ።

እማማ ጀበና፦
ሲሚንቶውን አነሳኸው?

ግንበኛው፦
ፈቃዱ ይደርሳል፣ አጥሩ ግን አይጠብቅም። ያገራችን መሬት ዳገት ነው። ደሴን ብቻ እዩ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ቁልቁል ነው የተሠራው፤ ውሃው ከላይ ይመጣል። ስለዚህ ከጉድጓዱ በላይ በኩል ትንሽ ቦይ ቅደድና የውሃውን አቅጣጫ አስቀይር። የወጣውን አፈር ከጉድጓዱ አፍ አርቀው፣ ክብደቱ ነው የሚንደው። አጥሩን በወፍራም አጣና ደግፈው። የጉድጓዱን አፍ በሸራ ሸፍን። እንደገና የመቆፈር ቀን ሲመጣ ደግሞ አጥሩ ሥር ያለውን ሁሉ በአንዴ አትክፈተው። ትንሽ ቆፍር፣ ግንቡን አውጣ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂድ።

የጓሮው ልጅ፦
ሥራ አቁም ተብዬ እንዴት ነው የምደግፈው? ይመጡብኛል።

ሸዋ በር፦
ለዚህ ነው ማመልከቻ። ነገ ጠዋት ግንባታ ፈቃድ ክፍል ግባ። «አደጋ ስላለው ለመደገፍና ለመሸፈን ብቻ ይፈቀድልኝ» በል፣ ፎቶም አያይዝ። መዝገብ ቤት አስገባና ኮፒህ ላይ ማኅተምና ቀን አስመታ። ያስቆሙህም በጽሑፍ ይስጡህ። ጎረቤትህንም ይዘኸው ሂድ፣ ተጣልተህ ካልሆነ። ሰኔ ደግሞ የበጀት መዝጊያ ነው፣ ሰው ቢሮ አታገኝም፤ በጠዋት ድረስ።

ባለእስክርቢቶ፦
ያልሁትን አንብባችሁታል? አሁንም ምድቡ «ሀ» ነው።

ገራዶ፦
ማመልከቻ አስገባ፣ ማኅተም አስመታ።

ሸዋ በር፦
እሱን እኮ ነው አሁን ያልሁት።

ሰኞ ገበያ፦
እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ይቅርታ በሰው ጉዳይ መሐል። የጣሪያ ቆርቆሮ ለመቀየርስ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ግንበኛው፦
ቆርቆሮውን ብቻ ነው ወይስ ማገሩንም ትነካለህ?