የልማት ሠራተኛው ቀበሌ ይመለስ ወይስ ምክሩ በስልክ ይሁን?

ጥያቄው፦ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ወዲህ ውጊያ ባለባቸው ቀበሌዎች የነበሩ የግብርና ባለሙያዎች ወደ ወረዳ ከተማ ሸሽተዋል። ተመልሰው ይግቡ ወይስ ምክሩ በ8028፣ ገበሬው ደውሎ የግብርና ምክር በሚሰማበት የስልክ መስመር፣ ይቀጥል?

ቡቃያ፦ ይመለሱ። ገበሬው ደውሎ «ስንዴዬ ቢጫ ሆነብኝ» ሲል ምን ይመለስለታል? ናይትሮጅን ያነሰው ስንዴ የሚገረጣው ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ጫፍ ጀምሮ ነው። ቢጫ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ግን በቅጠሉ ቁመት እንደ ስፌት የተደረደረ ዱቄት ያወጣል፤ ሲያሹት ጣት ይቀባል። ለመጀመሪያው ዩሪያ፣ ለሁለተኛው ቲልት የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በሄክታር ግማሽ ሊትር። 200 ሊትር ውኃ የሚረጭ ከሆነ በ20 ሊትሩ መርጫ 50 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዋግ ለያዘው ማሳ ዩሪያ ጨምር ከተባለ በሽታው ይብስበታል።

ማሳ፦ «የላይኛው ቅጠል ነው የታችኛው? ጣትህን ቀባው?» ብሎ በስልክም መለየት ይቻላል። 8028 ዳታ ሲዘጋም ይሠራል። ባለሙያው ግን ቀበሌ ከገባ አንዱ ወገን የመንግሥት ጆሮ ይለዋል፣ ሌላው ጫካ ካሉት ጋር ተነጋገረ ይለዋል። ለሰው ሕይወት ማን ዋስ ይሆናል?

ቡቃያ፦ 8028 በአብዛኛው የተቀዳ ድምፅ ነው፤ መልሶ አይጠይቅም። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም።

ጎታ፦ ጥርጣሬው ከየት መጣ? ባለሙያውን የማዳበሪያ ዕዳ አስመላሽ፣ ግብር ቀስቃሽ፣ ስብሰባ ጠሪ ያደረግነው እኛ ነን። ገበሬው በሩ ላይ ሲያየው ቀድሞ የሚታወሰው ዕዳው ነው። የማዳበሪያ ምዝገባውና ሥርጭቱ ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይተውና ባለሙያው ማሳ ላይ ብቻ ይዋል።

መኸር፦ ጎታ ልክ ነው፤ ግን መንገድ ሲዘጋ የሚመጣውን ጥፋት አትርሱ። ኤንፒኤስ፣ ሲዘራ ከዘሩ ጋር የሚገባው ማዳበሪያ፣ ዘግይቶ ሲደርስ በበቀለው ጤፍ ላይ የሚበትነው ገበሬ ብዙ ነው። በኩንታል ካለው 38 ኪሎ ፎስፌት አብዛኛው ላይ ላዩን ይቀራል፤ ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም አይጓዝምና ሥሩ ዘንድ አይደርስም። የሚሻለው ከረጢቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ እርጥበት በማይነካው ቦታ ለከርሞ ማስቀመጥ ነው። ቢጠጥርም ተሰባብሮ ያገለግላል። ለበቀለው ሰብል ዩሪያ፣ ያውም አፈሩ ርሶ ውኃ ሳይተኛበት። ወደ አፈሩ ሳይሰርግ ላይ ላዩን የቀረ ዩሪያ ከፊሉ በንኖ ይጠፋል። በዚያች ሳምንት ይህን የሚነግረው ሰው ካጣ የከፈለው ገንዘብ ባከነ።

ማሳ፦ ከዕዳና ከስብሰባ ከተላቀቀ እኔም ይመለስ እላለሁ፤ በግድ ግን አይሁን። መጀመሪያ የዚያው ቀበሌ ተወላጅና አገር ሽማግሌው የሚያውቀው ይመደብ። ተኩስ ባለበት ሳምንት ያልገባ ባለሙያ ደግሞ ደመወዙ አይቆረጥበት።